ሽማግሌ ሲጠበቅ ሊያልቅ የነበረው ወር፦ ከደቡብ ወሎ የአንድ መሬት ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥሁት

ደሴ ውስጥ በነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማዕከል በበጎ ፈቃድ ሳገለግል ብዙ የመሬት ጉዳይ አይቻለሁ። አብዛኛው ይመሳሰላል። ወንድም ከወንድሙ፣ እህት ከወንድሟ፣ የእንጀራ እናት ከእንጀራ ልጅ። ይህኛው ግን እስካሁን ይከነክነኛል። መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት ልንሸነፍ ነበር። የሚጥለን ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ነበር።

ሰዎቹ እንዳይለዩ ስም፣ ወረዳና ቀበሌ አልጠራሁም። ባለጉዳይዋ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። «ጻፈው ልጄ፣ ስሜን ብቻ አታንሳ» ነው ያሉኝ።

ዳራው

ባለጉዳይዋ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ከባለቤታቸው ጋር በሦስት ቦታ የተከፋፈለ አምስት ጥማድ መሬት ነበራቸው። አራት ጥማድ አንድ ሔክታር ነው፤ ከአንድ ሔክታር ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። አንዱ ማሳ በልግም ያበቅላል። የወሎ ደጋ ሰው በልግ የሚያበቅል መሬት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የይዞታ ደብተራቸው የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ነበረበት። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሲመዘገብ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም ይሰጥ ነበር። ይህ የጋራ ምዝገባ ኋላ ላይ ብዙ ሠርቶልናል።

ባለቤታቸው በ2006 ዓ.ም. አረፉ። አንደኛው ልጅ ዐረብ አገር ነው። ሴቷ ልጅ ደብረ ብርሃን አግብታ ትኖራለች። ቤት ውስጥ በሬ የሚጠምድ ስላልቀረ መሬቱን ለባላቸው የወንድም ልጅ በእኩል ሰጡት። በሬውና ጉልበቱ ከእሱ፣ መሬቱ ከእሳቸው፣ ምርቱ እኩል። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር አልነበረም። ለምን ውል አልያዙም ብዬ ስጠይቃቸው አፈሩብኝ። «በእጄ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ከልጅ ጋር ውል ይባላል እንዴ?»

ሰባት ዓመት ያለ ጭቅጭቅ አለፈ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እሳቸውም እንደ ብዙው ሰው ሸሹ። ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ቤታቸው ተዘረፈ። ደብተሩ የነበረበት ሳጥንም አብሮ ሄደ። በኅዳር መጨረሻ አካባቢው ሲለቀቅ ብዙ ሰው ተመለሰ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ታመሙ፤ ቀጥሎ ልጃቸው ወለደችና አራስ ማን ይያዝላት። እስከ ሰኔ 2014 ቆዩ።

የወንድም ልጁ አልሸሸም። መንደሩን ጥሎ አልሄደም። አንድ በሬውን ወታደሮች አርደው በልተውበታል። «እሳቸው ይመለሳሉ ብዬ አላሰብሁም» ብሎ ለሽማግሌዎች ተናግሯል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ልከራከርለት አይደለም። ነገሩ በክፉና በደግ ሰው ተከፍሎ የሚታይ ስላልሆነ ነው።

ችግሩ

በመጋቢት 2014 የወንድም ልጁ በወረዳው ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። አጎቱ በሕይወት እያሉ በ2004 ዓ.ም. መሬት በስጦታ እንደሰጡት፣ የአጎቱ ሚስት ግን እንደምትከለክለው ጻፈ። ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት የስጦታ ወረቀት አያያዘ። ወረቀቱ የሚለው ስለ አንድ ማሳ ነው። ክሱ ላይ የተዘረዘረው አዋሳኝ ግን ሦስቱንም ማሳ ያጠቃልል ነበር። ተከሳሽ በሌለበት ችሎት ይህን ልዩነት የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

መጥሪያው «ለቤተሰብ ደርሷል» ተብሎ ተመለሰ። ተከሳሽ አልቀረቡም። ጉዳዩ በሌሉበት ታየ። ግንቦት ላይ አምስቱም ጥማድ ለከሳሹ ተፈረደ።

እሳቸው በሰኔ ሲመለሱ ልጁ «ዘንድሮ ለራሴ ነው የማርሰው» አላቸው። ፍርድ አለ አላላቸውም። እሳቸውም ልጁ በጦርነቱ ተጎድቶ አኩርፎ ነው ብለው ክረምቱን ዝም ብለው አሳለፉ። ጥቅምት 8 ቀን 2015 የቀበሌ ሰዎችና ፖሊስ የአፈጻጸም ትዕዛዝ ይዘው መጡ። ትዕዛዙ መሬቱን እንዲያስረክቡ የሚል ነበር። አሻራቸውን ከደብዳቤው ጀርባ አስደረጓቸው። ፍርድ መኖሩን ያወቁት ያን ቀን ነው።

በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት፣ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም ያልቀረበው በበቂ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለበት። ጊዜው ግን አጭር ነው። ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ አንድ ወር።

ጥቅምት 8 ላይ አንድ ወር ሲጨመር ኅዳር 8 ይመጣል። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ወሩ የሄደበት መንገድ

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሽማግሌ ነው። በወሎ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። አበጋር የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች አሉ። አበጋርነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው፤ በተለይ ደም በማድረቅ፣ የተጋደሉ ቤተሰቦችን በማስታረቅ ይታወቃሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያከብራቸዋል። በዚህ ጉዳይ ሁለት አበጋር፣ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ነበሩበት። ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ከዚያ ነገሩ ይጀመራል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ልጁ አልመጣም፤ ገበያ ወርዷል ተባለ። ሁለተኛው ቀጠሮ ለቅሶ ስለገባ ተላለፈ። ሦስተኛው አጨዳ ስለደረሰ «እህሉ ይግባና» ተባለ። እያንዳንዱን ብቻውን ብታዩት ምክንያቱ ያሳምናል። ለቅሶ ጥሎ ሽምግልና የሚቀመጥ የለም። ጤፍ ሲረግፍ እያየም ከዛፍ ሥር የሚቀመጥ የለም።

ችግሩ በመሃል የተነገራቸው ነገር ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ፍርድ ቤት ከሄድሽ ንቀሽናል ማለት ነው» ብለዋቸዋል። እሳቸውም መናቅን ፈሩ። ሽማግሌው ክፉ አስበው ነው ብዬ አላምንም። ግን ማንም ፍርድ መፈረዱንና ሰዓት እየቆጠረ መሆኑን አላሰበም። ልጁ አስቦበት ነው ቀጠሮ ያስረዘመው? ማለት አልችልም። በኋላ ጠበቃው ፍርድ ቤት ቀርቦ ያነሣው የመጀመሪያ ክርክር «ጊዜው አልፏል» የሚል ነበር። የቀረውን አንባቢ ይፍረድ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢዞር አይሻልም ወይ ብለው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። እዚህ ግን መደበኛው ፍርድ ቤት አስቀድሞ ፈርዷል። ያንን ፍርድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያነሣው አይችልም። ይህን ያስረዳናቸው እኛ ነን፤ ሽማግሌውም ሲሰሙ ወዲያው ተቀበሉ።

ሌላም የባከነ ነገር አለ። ከሦስተኛው ቀጠሮ መተላለፍ በኋላ ሴትዮዋ ጨነቃቸውና ፍርድ ቤት በር ላይ የሚጽፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ። ጸሐፊው አራት ገጽ ጻፈላቸው። ባለቤታቸው እንዴት ደግ ሰው እንደነበሩ፣ የወንድም ልጁ እንዴት እንዳደገ፣ ጦርነቱ፣ እንባው፣ ሁሉም አለ። ርዕሱ ግን «ይግባኝ» ይላል። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይዘውት ሄዱ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አይቶ መለሳቸው፤ ልክ ነበር፣ የሚከፈተው በር ያ አይደለም። ደግነቱ ሠራተኛው «ነፃ የሚረዱ አሉ፣ እነሱን ጠይቂ» ብሎ ወደ እኛ ላካቸው። ያ ሰው ባይኖር ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ኅዳር 2 ቀን 2015 ነበር፣ ዓርብ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሷል። ልንዘጋ ስንል ገቡ። ከመቀነታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ጸሐፊው የጻፈውን አራት ገጽ ሰጡኝ፤ እሱን ለቀቅሁት። የፈለግሁት ሌላውን ነበር። ከአፈጻጸም ትዕዛዙ ጀርባ አሻራው አለ፣ ከአሻራው ሥር ቀኑ።

በጣቴ ቆጠርሁ። ስድስት ቀን ቀርቷል። ሁለቱ ቅዳሜና እሁድ ናቸው።

«እማማ፣ ሽማግሌዎቹ መቼ ቀጠሩዎት?» አልኋቸው። «ኅዳር 12» አሉ። ያኔ ነው የደነገጥሁት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቅዳሜና እሁድን ታሪኩን በመጠየቅ አሳለፍን። ልጃቸው ከደብረ ብርሃን የሕክምና ካርዳቸውንና በዚያ ሳሉ የወሰዱትን የተፈናቃይነት መታወቂያ በስልክ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከች። ዋናውን ደግሞ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላከችው።

ሰኞ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድን። መዝገቡ ሊገኝ አልቻለም። ምክንያቱ ሲጣራ ቀላል ነው። እኛ የያዝነው ቁጥር የአፈጻጸሙ መዝገብ ቁጥር ነበር። ፍርዱ የተሰጠበት ዋናው መዝገብ የራሱ ቁጥር አለው። ይህን የሚያውቅ ባለጉዳይ ጥቂት ነው፤ እኔም በዚያ ሩጫ ግማሽ ቀን አጠፋሁበት። ከሰዓት በኋላ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከአፈጻጸሙ መዝገብ ውስጥ ዋናውን ቁጥር አውጥታ ሰጠችን። ማክሰኞ ጠዋት የመዝገቡን ግልባጭ ያዝን።

ግልባጩን ሳገላብጥ መጥሪያው ላይ ደረስሁ። «ለቤተሰብ ደርሷል» የሚለው አለ። የተረከበው ሰው ስምና ፊርማም አለ። ለባለጉዳይዋ ስሙን አነበብሁላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እሱማ የከሳሹ ታናሽ ወንድም ነው» አሉ።

መጥሪያ በተቻለ መጠን በተከሳሽ እጅ መድረስ አለበት። ካልተገኘ አብሮት ለሚኖር ቤተሰብ ሊሰጥ ይችላል። የከሳሽ ወንድም ግን የተከሳሽ ቤተሰብ ተብሎ መጥሪያ ሲቀበል ነገሩ ራሱ ይናገራል።

ማመልከቻውን በሁለት ገጽ ጻፍን። ሦስት ነገር ብቻ ያዘ። ፍርዱን መቼ አወቅሁ፣ ለምን አልቀረብሁም፣ ብቀርብ ምን እከራከር ነበር። ቃለ መሐላ አያያዝን። የአፈጻጸም ትዕዛዙን ጀርባ፣ የመጥሪያውን ግልባጭ፣ መታወቂያውንና የሕክምና ካርዱን አስከተልን። ማመልከቻው ብቻውን አፈጻጸሙን ስለማያስቆመው የእግድ ጥያቄም ጨመርን። ረቡዕ ኅዳር 7 ገባ። አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

ስለ ገንዘብም ላንሣ። በወንጀል የተከሰሰ ሰው አቅም ከሌለውና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ያዛል። ለፍትሐ ብሔር ጉዳይ ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለውም። መሬቷን ልትነጠቅ የቀረበች እናት አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው ጠበቃ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማዕከል ወይም በነፃ የሚቆም የግል ጠበቃ ነው። ያም ካጋጠማት።

ያልተሳካው

ፍርድ ቤቱ እግዱን ሰጠ። ጤፉና ማሽላው ታጭዶ በገለልተኛ ሰው እጅ በአደራ እንዲቀመጥ አዘዘ። ትዕዛዙ ወረዳ ከተማ ላይ ተጻፈ። ቀበሌ የደረሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ጤፉ ታጭዶ ተወቅቶ ገብቷል። ትዕዛዙን ራሳችን ይዘን መሄድ ነበረብን። «ይላካል» ሲባል አመንን። ይህ የእኔ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ያልተሳካ ነገር ከአንድ ቃል የመጣ ነው። የተወሰደውን ምርት ለመጠየቅ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ፣ ማለትም ተከሳሽ በዚያው መዝገብ ከሳሹን መልሶ የሚከስበትን ክስ፣ ማቅረብ ይቻል ነበር። ለዚያ ግን የዳኝነት ክፍያ ያስፈልጋል። ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ መሬት ያለኝ ሰው ነኝ። ደሃ ነኝ ብዬ ቀበሌ ፊት አልምልም» አሉ። የቀበሌ ማስረጃ ማምጣት፣ በጎረቤት ፊት ድህነትን ማስመስከር፣ ለእሳቸው ከመሬቱ መነጠቅ የማያንስ ውርደት ነበር። ለመንኋቸው። እምቢ አሉ። የምርቱ ጥያቄ በክስ መልክ ሳይቀርብ ቀረ። «ከክፍያ ነፃ መሆን» ብዬ ብጀምር ኖሮ ምናልባት ሌላ መልስ አገኝ ነበር።

ማመልከቻው የተሰማበት ችሎት

ታኅሣሥ ላይ ክርክሩ ተሰማ። የልጁ ጠበቃ «በሰኔ ነግሯቸዋል፤ አንድ ወሩ ያኔ አልቋል» አለ። እኛ ደግሞ «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ መናገር «ፍርድ አለ» ማለት አይደለም አልን። ጀርባው ላይ አሻራ ያለበት ወረቀት የጊዜውን ክርክር ወሰነ።

ከሁሉ የረዳን ግን መጥሪያውን ያደረሰው የቀበሌ ሚሊሻ ነው። ምስክር ሆኖ ቀረበ። ይዋሽ ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር። ዳኛው «ለማን ሰጠኸው?» ሲሉት «ቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ ለከሳሹ ወንድም ሰጠሁት፤ ዘመድ ናቸው ብዬ ነው» አለ። አልሸፋፈነም። በዚያ መንደር እርግጥም ዘመድ ናቸው።

በጥር 2015 ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አነሣ። መዝገቡ ተከፍቶ ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ አዘዘ። ባለጉዳይዋ ውጤቱን ስነግራቸው «መሬቴ ተመለሰ?» አሉኝ። «አይ፣ ገና መናገር ተፈቀደልዎት» አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» አሉ። ከዚያ በፊት በአፌ ስለው የኖርሁት ተረት ነው፤ ምን እንደሚል የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጎታ ውስጥ የተደበቀው መዝገብ

ለዋናው ክርክር ማስረጃ ያስፈልገን ነበር። የእሳቸው ደብተር ጠፍቷል። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል በጦርነቱ ተበትኗል፣ ከፊሉ የለም። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላት አንዱ ብቅ አሉ። ጦርነቱ ሲቃረብ የቀበሌውን የይዞታ መዝገብ ቤታቸው ወስደው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ጎታ ውስጥ ከማሽላው ሥር ደብቀውት ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። «መዝገቡ ከጠፋ አገሩ ይጫረሳል ብዬ ነው» አሉ።

መዝገቡ ሲገለጥ የባለጉዳይዋና የባላቸው ስም አብሮ አለ። በጋራ ይዞታነት። ክርክራችንን በዚህ ላይ ሠራን። የጋራ ይዞታ ያለ አንዷ ባለመብት ፈቃድ አይተላለፍም። ወረቀቱ የእሳቸው ፊርማም አሻራም የለበትም። የመሬት ስጦታ በመሬት አስተዳደሩ መመዝገብ ነበረበት፤ ይህ አልተመዘገበም። ወረቀቱ ራሱም የሚለው ስለ አንድ ማሳ ነው።

ስምምነቱ

ሽማግሌዎቹ የተመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። ይህኛው ሽምግልና ከመጀመሪያው ፍጹም የተለየ ነበር። ልጁ በቀጠሮው ቀን መጣ። ሊያጣው የሚችለው ነገር ስለነበረ ነው። ሽማግሌዎቹም የሚሠሩት በሰዓት ላይ ሳይሆን በነገሩ ላይ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ለዚሁ ቀጠሮ ሰጠን።

አበጋሩ የተናገሩት አንድ ነገር ችሎት ላይ ሊነሣ የማይችል ነበር። ልጁን «በሬህ ሲታረድ ማን አለቀሰልህ? አክስትህ ስትመለስ ማልቀስ ነበረባት፣ አንተ ግን በሩን ዘጋህባት» አሉት። ወደ ሴትዮዋ ዞረው ደግሞ «አንቺም ክረምቱን ሙሉ አኩርፈሽ አልጠየቅሽውም» አሉ። ሁለቱም አለቀሱ። ሕግ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ችሎት ግን አይቼ አላውቅም።

ግንቦት 2015 ስምምነቱ ተጻፈ። ልጁ የስጦታውን ጥያቄ ተወ። ሁለት ጥማዱን ለሁለት ዓመት በእኩል እንዲያርስ ተስማሙ፤ በዚህ ጊዜ በጽሑፍ፣ በምስክር፣ አንድ ቅጂ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ። ሦስቱን ጥማድ እሳቸው ለፈለጉት ይሰጣሉ። ለተወሰደው ምርት አራት ኩንታል ጤፍ እንዲሰጥ ሆነ። ስምምነቱ በፍርድ ቤት ተመዝግቦ መዝገቡ ተዘጋ። ስጦታው ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልወሰነም፤ መወሰንም አላስፈለገውም።

ከአራቱ ኩንታል ሦስቱ ደረሰ። አራተኛው «ሲመቸኝ» ተብሏል።

ከዚህ ጉዳይ ምን ወሰድን

ማዕከላችን አንድ ልማድ ቀየረ። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ሆንሽ?» አይደለም። «ወረቀቱ መቼ ደረሰሽ?» ነው። ቀኑ ከተያዘ በኋላ ታሪኩን ቀስ ብሎ ማዳመጥ ይቻላል።

ሽምግልናና ፍርድ ቤት አይጣሉም። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ዓመትም ቢሸመገል ችግር የለውም። ከመግባቱ በፊት ከሆነ ግን በየቀጠሮው የሚበላው የአንዱ ወገን መብት ነው። ይህን ከዚያ ወዲህ ለተለያዩ ሽማግሌዎች ነግሬያለሁ። ሁሉም አልወደዱትም። አንድ አበጋር ግን ከዚያ ጀምሮ የሚመጣላቸውን ባለጉዳይ «የፍርድ ቤት ወረቀት ደርሶሻል?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል፤ ካለ ወደ ደሴ ይልካሉ።

የወረቀት ጀርባ ይነበብ። አሻራ ሲደረግ ቀን መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። ቀን ከሌለው አስጽፎ መቀበል። ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ከባድ ነው። ስልክ የያዘ የጎረቤት ልጅ ፎቶ ቢያነሳው ግን ፎቶው ራሱ ቀኑን ይይዛል።

ስለ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ብዙ ይወራል፣ ብዙውም ወቀሳ ነው። እኔ እነሱን ማባረር አይታየኝም። ባለጉዳይ ከጠበቃ ቀድሞ የሚያገኘው እነሱን ነው። አንድ ቀን ጠርተን «ይግባኝ፣ መቃወሚያ፣ የፍርድ ይነሣልኝ ማመልከቻ» ልዩነታቸውን ብናስረዳ ብዙ ሰው መንገድ አይጠፋበትም። ይህን አስበን እስካሁን አላደረግነውም።

እግድ ሲሰጥ ደግሞ ባለጉዳዩ ወይም ረዳቱ ወረቀቱን ራሱ ይዞ ቀበሌ ይድረስ። እህል አይጠብቅም።

አሁን

ሐምሌ መጨረሻ 2015 ላይ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ በአካል አላገኘኋቸውም። በስልክ እንነጋገራለን። የሁለት ዓመቱ የእኩል ውል አልቆ ለአንድ ዓመት ታድሷል፣ አሁንም በጽሑፍ። ምትክ ደብተር ወጥቶላቸዋል። ሦስት ፎቶ ኮፒ አስነሥተውለታል። አንዱ ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ፣ አንዱ ዐረብ አገር ያለው ልጅ ስልክ ውስጥ። ሦስተኛውን የት እንዳደረጉት ስጠይቃቸው ሳቁና «አንተስ የት የምደብቅ ይመስልሃል?» አሉኝ። ጎታ ውስጥ ነው።